«እስከ 0 ዲግሪ» የተባለው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ 128 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 26 ኪሎ። ከአባቷ ጋር ሆነን ድንኳን ተሸክመን ተራራ እንወጣለን። ባለፈው ጉዞ ሌሊቱ 4 ዲግሪ ነበር። «እስከ 0 ዲግሪ» የሚል የልጆች ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ውስጥ አስተኝተናት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እየተንቀጠቀጠች ነቃች። የሚቀጥለው ጉዞ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ከዜሮ በታች 5 ሊደርስ ይችላል። «ከዜሮ በታች 10» የሚል ሌላ የልጆች ባግ አግኝቻለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «የትልቅ ሰው እንግዛላትና ትደግበት» ይላል። የቱ ይሻላል? ሙሌቱ ላባ ይሁን ወይስ ሲንተቲክ (ሰው ሠራሽ)? አልፎ አልፎ ሌሊት ታሸናለች፤ እሱም ያሳስበኛል። ታናሽ ወንድሟ 11 ወሩ ነው፤ እሱንስ ይዘነው መውጣት እንችላለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ ስለ ባጉ በደንብ ይናገራል፤ ልጅዎ ምን ላይ እንደተኛች ግን አንድም ቃል የለበትም። ከዚያ እንጀምር። ልጅ በ4 ዲግሪ፣ ያውም ድንኳን ውስጥ፣ እየተንቀጠቀጠ ከነቃ ከባጉ በፊት የሚጠረጠረው ከሥሩ የተነጠፈው ነው።

ስሊፒንግ ባግ ሙቀት አያመነጭም። የሚያሞቀው በሙሌቱ መሐል ታግቶ የሚቀረው አየር ነው፤ አየሩም የሚታገተው ሙሌቱ ሲነፋ ብቻ ነው። ሰው ሲተኛበት ከጀርባው ሥር ያለው ሙሌት በክብደቱ ይጨፈለቃል፤ አየሩ ይወጣል፣ የሚቀረውም ከሁለት ጨርቅ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ በጣም ውድ የሆነው ባግ እንኳ ከላይና ከጎን እንጂ ከሥር እምብዛም አይከላከልም። የመሬቱን ቅዝቃዜ የሚመክተው ማቱ፣ ማለትም ከባጉ ሥር የሚነጠፈው ስፖንጅ ወይም የሚነፋ ፍራሽ ነው።

የማት አቅም «አር ቫልዩ» በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወደ መሬት የሚያመልጠው ሙቀት ይቀንሳል። ታዋቂዎቹ አምራቾች ኤኤስቲኤም ኤፍ3340 በተባለው አንድ መለኪያ ስለሚለኩ የአንዱን ማት ከሌላው ጋር ማወዳደር ይቻላል። ተጠቅልሎ ቦርሳ ላይ የሚታሰረው ስስ ስፖንጅ 2 ገደማ ነው። ውስጡ ሙሌት የሌለው ተራ የሚነፋ ፍራሽ 1 አካባቢ ነው፤ ብዙ ወላጆችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ ወፍራምና ምቹ ስለሆነ የሚያሞቅ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ያለው አየር እንደልቡ ስለሚዘዋወር የልጅዎን ሙቀት ተቀብሎ ለመሬቱ ያስረክባል። ከዜሮ በታች 5 ለሚደርስ ሌሊት ለልጅ 5 ያህል እንዲኖር እንመክራለን። ይህን በአንድ ውድ ማት ማግኘት የግድ አይደለም፤ አር ቫልዩ ይደመራል። 2 የሆነ ስፖንጅ ከሥር፣ 3 የሆነ ሙሌት ያለው የሚነፋ ማት ከላይ ቢነጠፍ 5 ሆነ ማለት ነው። ስፖንጁ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሚነፋው ሌሊት ቢፈስ ልጅቷ ባዶ መሬት ላይ አትቀርም። ቁመቷ 128 ስለሆነ 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይበቃታል፤ ስፖንጁን ቆርጣችሁ ክብደት መቀነስ ትችላላችሁ። ከቆረጣችሁት የተረፈው ደግሞ የእረፍት መቀመጫ ይሆናል።

ልጆች ሲተኙ ይገለባበጣሉ፤ ከማቱ ወርደው ባዶ መሬት ላይ ሲነጋባቸው ብርዱን በባጉ ያሳብባሉ። ልጅቷን በመሐላችሁ አስተኟት፤ ሦስቱን ማቶች ጎን ለጎን አስጠግታችሁ ከራስጌና ከግርጌ በሰፊ ማሰሪያ እሰሯቸው። በማቶቹ መሐል ክፍተት ከተፈጠረ የተጣጠፈ ጃኬት ጠቅጥቁበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ።

የትልቅ ሰው ስሊፒንግ ባግ ላይ የሚጻፈው ዲግሪ አይኤስኦ 23537 በተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ይለካል፤ ከእሱ በፊት በአውሮፓ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነበረው ኢኤን 13537 ነው። ሙቀት የሚያመነጭ አሻንጉሊት ሰው ረጅም የውስጥ ልብስና ካልሲ ለብሶ፣ ማት ተነጥፎለት፣ ባጉ ውስጥ ይገባና ምን ያህል ሙቀት እንደሚያጣ ይመዘገባል። ከዚያ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ። «ኮምፈርት» ማለት አንዲት አማካይ ሴት ተዘርግታ ሳይበርዳት የምታድርበት ዲግሪ ነው። «ሊሚት» አንድ አማካይ ወንድ ተጠቅልሎ ለመተኛት የሚችልበት ጫፍ ነው። «ኤክስትሪም» የሚባለው የእንቅልፍ ቁጥር አይደለም፤ ለጥቂት ሰዓታት ሕይወትን የማትረፍ ጉዳይ ነው፤ ሲገዙ እንደሌለ ይቁጠሩት። ለስሌቱ የተወሰዱት ሴትና ወንድ ሁለቱም የ25 ዓመት ወጣቶች ናቸው፤ ሴቷ 1.60 ሜትርና 60 ኪሎ፣ ወንዱ 1.73 ሜትርና 73 ኪሎ።

የ8 ዓመት ልጅ በዚህ ስሌት ውስጥ የለችም። ደረጃው የትልቅ ሰው ባጎችን እንጂ የልጆችን አይመለከትም። ስለዚህ የልጆች ባግ ላይ «0» ወይም «ከዜሮ በታች 10» ተብሎ ሲጻፍ አምራቹ በራሱ ግምት ያስቀመጠው ነው፤ ወይም ለትልቅ ሰው የተሠራውን ስሌት ለልጅ አውሶታል። አንዳንዱ አምራች ይጠነቀቃል፣ አንዳንዱ አይጠነቀቅም፤ ከውጭ ሆኖ መለየት ደግሞ አይቻልም። «እስከ» የሚለው ቃል ራሱ ኮምፈርትን ይሁን ሊሚትን አይናገርም።

የልጅ አካል ከትልቅ ሰው የሚለየው በምንድን ነው? ልጅዎ 26 ኪሎ ናት፤ የቆዳዋ ስፋት አንድ ካሬ ሜትር ለመሙላት ትንሽ ይቀረዋል። ያ 73 ኪሎው ወንድ 1.9 ካሬ ሜትር ገደማ ቆዳ አለው። ለኪሎ ሲካፈል የልጅዎ ቆዳ በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሙቀት የሚያመልጠው በቆዳ በኩል ነው፤ ሙቀት የሚይዘው ግን ሥጋና ደሙ ነው። ቀን ስትሮጥና ስትወጣ ይህ አያስታውቅም። ደክማ፣ ራት ሳትጨርስ ከተኛች ግን ለሌሊቱ የሚሆን ማገዶ በሰውነቷ ውስጥ ጥቂት ነው፤ እሱም እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይሳሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መንቃቷ አይገርምም።

ስለዚህ የምንሰጥዎ መለኪያ ይህ ነው፦ የትልቅ ሰው ባግ ኮምፈርት ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ከሚጠብቁት በጣም ቀዝቃዛ ሌሊት ቢያንስ 5 ዲግሪ ዝቅ ያለ ይሁን። ከዜሮ በታች 5 ለሚጠበቅበት ቦታ ኮምፈርቱ ከዜሮ በታች 10 የሆነ ባግ ማለት ነው። ይህ ከከበደ ወይም ከተወደደ፣ ከዜሮ በታች 7 የሆነውን ገዝቶ ቀሪውን ቀጥለን በምንነግርዎ መንገድ መሙላት ይቻላል።

«ከዜሮ በታች 5» የሚለውን ራሱን ከየት አመጡት? የአየር ትንበያው የአቅራቢያው ከተማ ከሆነ ከፍታውን አስተካክሉ። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከተማው 2000 ሜትር ላይ ሆኖ ሌሊቱ 8 ዲግሪ ቢባል፣ 3600 ሜትር ላይ የተተከለ ድንኳን ከዜሮ በታች 2 ተኩል ገደማ ያገኘዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ከሌለ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል እየፈሰሰ ረባዳው ላይ ይተኛል፤ ከሸለቆው ወለል ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ መትከል ብቻውን ልዩነት ያመጣል።

ባለቤትዎ የተናገሩት ግማሽ በግማሽ ትክክል ነው። የትልቅ ሰው ባግ ይግዙላት፤ ግን ለ183 ሴንቲ ሜትር ሰው የተሠራውን አይደለም። ልጅቷ በሰውነቷ ሙቀት በመጀመሪያ የምታሞቀው በባጉ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ከእግሯ በታች 50 ሴንቲ ሜትር ባዶ ከረጢት ካለ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስታሞቅ ታድራለች፤ እግሯም አይሞቅም። የሚሻለው እስከ 165 ወይም 168 ሴንቲ ሜትር ድረስ ለሆነ ሰው የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜ የሴቶች ተብሎ የሚሸጠው አጭር ባግ ነው። በተፈጥሮው ትከሻው ጠበብ ይላል፣ እግሩ ላይ ሙሌት ይጨመርለታል፣ ላዩ ላይ የሚጻፈውም ኮምፈርቱ ነው። ልጆች ከአራት ዓመት በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋሉ፤ ስለዚህ በአግባቡ ከተያዘ 13 ወይም 14 ዓመት እስኪሞላት ይሆናታል።

የተረፈውን ርዝመት እንዲህ አሳጥሩት። ልጅቷ ባጉ ውስጥ ገብታ እግሯን ዘርግታ ትተኛ፤ ከተረከዟ በታች 15 ሴንቲ ሜትር ላይ በጣትዎ ይያዙና ትውጣ። በያዙበት ቦታ ባጉን እንደ ከረጢት አፍ ሰብስበው 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ለስላሳ ማሰሪያ ከውጭ እሰሩት። ቀጭን ገመድ አይጠቀሙ፤ ጨርቁን ይቆርጠዋል፣ የውስጥ ስፌቱንም ይጎትታል። የታሰረው ጭራ ወደ ሥር ይታጠፍ፤ ከእግሯ ሥር ተጨማሪ ንጣፍ ይሆናል። ጠዋት መፍታት እንዳይረሱ፤ ታስሮ የቆየ ሙሌት እዚያ ቦታ ላይ ተጨፍልቆ ይቀራል። ማሰር ካልፈለጉ የነገውን ደረቅ ልብስ ጠቅጥቁበት፤ ጠዋትም ሞቅ ያለ ልብስ ታገኛለች። እርጥብ ልብስ ግን አይገባም፤ እርጥበቱ ወደ ሙሌቱ ይሄዳል።

ያቺን አሮጌ ባግ አይጣሏት። ከአዲሱ ባግ ውስጥ አስገቡት፤ የትልቅ ሰውን ባግ ባዶ ቦታ ከልብስ ይልቅ የምትሞላው እሷ ናት። ሁለት ባግ ሲደረብ የሚገኘውን ለመገመት ተራማጆች የሚጠቀሙበት ግርድፍ ስሌት አለ፦ ከ21 ላይ የቀላሉን ባግ ዲግሪ ቀንሱ፣ ለሁለት አካፍሉ፣ ውጤቱን ከከባዱ ባግ ላይ ቀንሱ። አሮጌዋ «0» ብትልም ባለፈው ስላሳፈረቻችሁ 10 ብለን እንያዛት። ከ21 ላይ 10 ሲቀነስ 11፣ ለሁለት ሲካፈል 5 ተኩል። አዲሱ ባግ ኮምፈርቱ ከዜሮ በታች 7 ቢሆን ሁለቱ ተደርበው ከዜሮ በታች 12 ተኩል ገደማ ይሆናሉ። የሚሠራው ግን የውጪው ባግ ሰፊ ሆኖ የውስጡ ሳይጨፈለቅ እንደነፋ ከቀረ ብቻ ነው። ዋጋው ክብደት ነው፤ ለአንድ ሁለት ቀዝቃዛ ጉዞ ብላችሁ ከተሸከማችሁት ያዋጣል።

ክብደት ካነሳን፣ ይህን ሁሉ ልጅቷ አትሸከምም። ለልጅ ከክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበቃል፤ ለእሷ ከ2.6 እስከ 3.9 ኪሎ ማለት ነው። ለዚህ ብርድ የሚሆን ሲንተቲክ ባግ ብቻውን 2 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ባጉን እናንተ ያዙት፤ እሷ ስፖንጁን፣ የሌሊት ልብሷንና ውሃዋን ትያዝ።

ላባ ወይስ ሲንተቲክ ላሉት፣ ለእርስዎ ልጅ ለጊዜው ሲንተቲክ። ላባ ለክብደቱ የሚስተካከለው የለም፤ ተጨፍልቆ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ በአግባቡ ከተያዘም ከሲንተቲክ ብዙ ዓመት ይበልጣል። ነገር ግን ሲርስ ተጣብቆ ይቋጠራል፤ መንፋቱ ያቆማል፣ ተራራ ላይም ቶሎ አይደርቅም። «ውሃ አይነካውም» ተብሎ የሚሸጠው በመድኃኒት የተነከረ ላባ ለጤዛና ለትንፋሽ እርጥበት ይረዳል፤ ለሽንት አልተሠራም። ሲንተቲክ ረጥቦም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፣ ማሽን ውስጥ ያለ ጭንቀት ይታጠባል። ድክመቱ በተጠቀጠቀ ቁጥር እየሳሳ መሄዱ ነው፤ የቆየና ያገለገለ ሲንተቲክ ባግ ላይ የተጻፈው ቁጥር የዛሬ ቁጥሩ አይደለም። ያገለገለ ከገዙ አራግፈው መሬት ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይተዉትና በማስመሪያ ይለኩ፤ የላይኛው ክፍል ብቻውን 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልነፋ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ሌሊት ማሽናቱ ሲቀርላት ወደ ላባ መሄድ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ «ፊል ፓወር» የሚባለውን 650 ወይም 800 የሚል ቁጥር ከሙቀት ጋር እንዳያምታቱት፤ የላባውን ጥራት እንጂ መጠኑን አይናገርም። 800 የሆነ ጥቂት ላባ 650 ከሆነ ብዙ ላባ ያነሰ ሊያሞቅ ይችላል።

ለሽንቱ ደግሞ ውሃ አትከልክሏት። ቀን ያልጠጣች ልጅ ሌሊት ይበልጥ ይበርዳታል። ከመተኛቷ በፊት ትሽና፤ እናንተ ልትተኙ ስትሉ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ አንዴ ቀስቅሷት። ለትልልቅ ልጆች የሚሠራ የሌሊት ዳይፐር አለ፤ ለዚህ ጉዞ ያለ ኀፍረት ተጠቀሙበት፣ ያገለገለውን ግን በፕላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ውረዱ። ከባጉ ውስጥ የሚገባ ስስ ከረጢት አንሶላ መጀመሪያ የሚረጥበው እሱ እንዲሆን ያደርጋል። ላስቲክ ግን ውስጥ አታንጥፉ፤ ላቧ የሚወጣበት አጥቶ ያረጥባታል። አንድ ሙሉ የሌሊት ልብስና ካልሲ በፕላስቲክ ታሽጎ ከእርስዎ ራስጌ ይደር። ከረጠበች በጨለማ ውስጥ ባጉን ለማድረቅ አይታገሉ፤ አራግፈው፣ በፎጣ ጠርገው፣ ደረቁን አልብሰው ወደ ራስዎ ባግ ያስገቧት። ማጽዳቱ ጠዋት ይደረስበታል።

ሱቅ ሲሄዱ ልጅቷን ይዘው ይሂዱ፤ የምትለብሰውንም ኮፍያ ይያዙላት። ባጉን መሬት ላይ ዘርግታ ትግባና ዚፑን ራሷ እስከ አገጯ ትዝጋ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ትክፈተው። ይህን እንደ ጨዋታ አይዩት፤ ሌሊት ሽንቷ መጥቶ ዚፑ ጨርቅ ነክሶ የቀረባት ልጅ ወይ ትፈራለች ወይ ትረጥባለች። ከዚፑ ጎን ጠንከር ያለ ጥብጣብ የተሰፋበት ባግ ጨርቅ አይነክስም፤ ጥፍርዎን አስጠግተው ዚፑን በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች ሲያመላልሱት ያውቁታል። ከዚፑ ጀርባ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ፣ ሙሌት ያለበት ወፍራም ቱቦ መኖር አለበት፤ ከሌለ በዚፑ ጥርሶች መሐል ብርድ ይገባል። የአንገት ዙሪያ ማጥበቂያውን ሳቡት፤ ትከሻዋ ላይ ሲዘጋ በእንቅስቃሴዋ ሙቅ አየር እየተነፋ አይወጣም። ማጥበቂያው ግን ወደ ፊቷ የሚንጠለጠል ረጅም ገመድ እንዳይኖረው። ጉልበቷን ወደ ደረቷ ትሰብስብ፤ ጨርቁ ከተወጠረባት ጠቧታል፣ የተወጠረበት ቦታም ሙሌቱ ይጨፈለቃል።

በመጨረሻ የአንድ እጅዎን መዳፍ ባጉ ውስጥ ዘርግተው ወደ መብራት ያንሱት። ስፌቱ ላይ ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር ካዩ የላዩና የውስጡ ጨርቅ አንድ ላይ ተሰፍቷል ማለት ነው፤ በዚያ መስመር ላይ ሙሌት የለም፣ ብርዱ በእያንዳንዱ መስመር ይገባል። ለሞቃት ወራት ምንም አይደለም፤ ከዜሮ በታች ግን አይሆንም። በርካታ የልጆች ባጎች የሚወድቁት በዚህ ፈተና ነው። ያገኙት «ከዜሮ በታች 10» ባግ ይህንን፣ ቱቦውንና የአንገት ማጥበቂያውን ካለፈ፣ እግሩም በዚፕ የሚረዝምና የሚያጥር ከሆነ፣ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ከዜሮ በላይ ለሚሆን ሌሊት ይግዙት። ለከዜሮ በታች 5 ግን ቁጥሩን ብቻ አምነን አንልክዎትም። አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለውንና ኮፍያ የሌለውን እንዲሁም ከሥር ክፍት የሆነውን ብርድ ልብስ መሰል ባግ ይለፉት፤ ልጅ ከእሱ ለመውጣት አንድ መገለባበጥ ይበቃታል።

ጉዞው ላይ ድንኳኑ እንደተተከለ ባጉ ከከረጢቱ ይውጣ፤ እስክትተኛ ለመንፋት ጊዜ ያግኝ። ቀን የለበሰችው ልብስ ደረቅ ቢመስልም በላብ እርጥብ ነው፤ ከእግር እስከ ራስ ይቀየር። ስስ የሱፍ ወይም ሲንተቲክ የውስጥ ልብስ፣ ያልጠበበ ካልሲ፣ ኮፍያ፤ ከዚህ በላይ ወፍራም ጃኬት ለብሳ ከምትገባ ጃኬቱን ከባጉ በላይ እግሯ ላይ ጣል ያድርጉላት። የድንኳኑ ግድግዳ በጤዛ ስለሚረጥብ ጃኬቱ የባጉን እግር ከዚያም ይጠብቃል። ከመተኛቷ በፊት ቅባት ያለው ነገር ትቅመስ፤ ጥቂት ለውዝ ወይም አይብ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ለሌሊት ይረዳል። ቀዝቅዛ ከገባች ባጉ የሚጠብቅላት ቅዝቃዜዋን ነው፤ ስለዚህ ከመግባቷ በፊት አምስት ደቂቃ ትዝለል፣ ላብ ሳያወጣት።

ሙቅ ውሃ ከሁሉም በላይ ይሠራል። ሙቅ ውሃ የሚችል ጠንካራ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ውሃው ከፈላ በኋላ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይሞላ፣ ክዳኑ ይጥበቅና ጠርሙሱ ተገልብጦ ይታይ፤ አንዲት ጠብታ ካፈሰሰ ባጉ ውስጥ አይገባም። በወፍራም ካልሲ ተጠቅልሎ ከመተኛቷ 20 ደቂቃ በፊት በባጉ መሐል ይቀመጥ፤ ስትገባ ወደ እግሯ ይገፋ። ያለ ካልሲ ቆዳዋን ነክቶ ካደረ በእንቅልፍ ላይ ሆና ሳታውቀው ያቃጥላታል።

ምድጃም ሆነ ከሰል ድንኳን ውስጥ ለአንድ ደቂቃም አይግባ። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ የሚገድል ነው።

ሌሊት ስትነቁ እጇን ሳይሆን ማጅራቷን ዳብሱ። እጅና እግር ቀዝቀዝ ማለት የተለመደ ነው፤ ማጅራቷ ከሞቀና ከደረቀ ደህና ናት። ካላበች ዚፑን ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ ላቡ በኋላ ብርድ ይሆናል። ባጉ ውስጥ ገብታ እንዳትተነፍስ አፍና አፍንጫዋ ከውጭ ይሁኑ፤ የትንፋሹ እርጥበት ሙሌቱ ውስጥ ይቀራል። ማጅራቷ ቀዝቅዞ ከተንቀጠቀጠች አታቆዩት፤ ደረቅ ልብስ፣ ጣፋጭ ሙቅ መጠጥ፣ ከዚያ ከእናንተ ከአንዳችሁ ጋር አንድ ባግ ውስጥ። ቃል ከተያያዘባት፣ ከፈዘዘች፣ ወይም መንቀጥቀጧ ሳትሞቅ ካቆመ ይህ ሃይፖተርሚያ (የሰውነት ሙቀት በአደገኛ ሁኔታ መውረድ) ነው፤ በሙቀት እያቆያችሁ የሕክምና እርዳታ ጥሩ።

በየቀኑ የምሳ እረፍት ላይ ባጉን ገልብጣችሁ ፀሐይ ላይ ስጡት፤ ቤት ስትመለሱ ደግሞ በትንሿ ከረጢት ተጠቅጥቆ እንዳይቀመጥ ሰፊ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ወይም ተሰቅሎ ይቆይ።

ታናሹን በተመለከተ፣ አይሆንም። የ11 ወር ሕፃን ኮፍያ ባለው ስሊፒንግ ባግ ውስጥም ሆነ በእናንተ ባግ ውስጥ በመሐላችሁ አይተኛም፤ ፊቱ ከተሸፈነ ራሱን ማላቀቅ ላይችል ይችላል። ከዜሮ በታች በሆነ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ከዚያ ውጭ በደህና የሚሞቅበት መንገድ የለም። ዘንድሮ ከአንዳችሁ ጋር ቤት ይቆይ።